ዝናብ ጣለ ወይ?

በሳውዝ ሺልድስ፣ ወንዙ ከባሕር በሚገጥምበት፣
ከመርከብ መጠገኛው ጀርባ፣ ጡቡ በጠቆረበት፣
አንድ ቤተ መጻሕፍት ነበር፣ ማሞቂያው የሚያጓራ፣
ዶፍ ያባረረው ሁሉ የሚጠለልበት በጋራ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ካፖርቴ እንደ ረጠበ
አንድ ወፍራም መጽሐፍ ዓይኔን ሳበ፤
ሽፋኑ ላይ ፈረስ፣ ፈረሱ ላይ ልዑል፣
ጎራዴው ቀጥ ያለ፣ ፊቱ የንጋት ጸዳል።

ገባሁ። ማን ይመልሰኛል?
በሰሜኑ አረንጓዴ አገር ወንዙ ሰው ያናግራል፣
ዛፉ የክርስትና ስም አለው፣ ጉንዳኑ ታሪክ ይቆጥራል፤
ደቡቡ ግን አሸዋ ነው። ሰዎቹም የአሸዋ ዘር፣
ጎራዴያቸው ቆልማማ፣ ቃላቸው የማይታመን ነገር፣
ጥምጥማቸውን አስረው ለጣዖት የሚሰግዱ፣
በየምዕራፉ መጨረሻ እንደ ቅጠል የሚታጨዱ።

እኔም ጠላኋቸው። ምን እዋሻለሁ?
ከልዑሉ ኋላ፣ በኮርቻው ላይ ነበርኩ፤
ጥምጥም በወደቀ ቁጥር በልቤ አጨበጨብኩ፣
ማታ ቤት ስገባ፣ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩ፤
ከእሳቱ በላይ፣ በፎቶ የተሰቀለ፣
አያቴ ሙቅቢል ጥምጥሙን እንዳሰረ አለ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ካርታ ነበር፣ አራት እጥፍ።
ታች፣ ደቡቡ ጫፍ ላይ፣ የጣዖቱ ደጃፍ፤
ከበሩ በላይ ጽሕፈት ተጋድሞ፣
እንደ እባብ የሚጥመለመል፣ እንዲያስፈራ ታልሞ።

አላስፈራኝም። አነበብኩት።
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከመስጊዱ ምድር ቤት፣
ኡስታዝ ዱበይሽ ጠረጴዛውን በማስመሪያ እየመታ
ያስቆጠረኝ ፊደል ነው፦ አሊፍ፣ ባ፣ ታ።
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ጣቴን አስከትዬ፦

«እኛ ዘንድ ዝናብ ጣለ ወይ?»

ይኸው ነው። ሌላ የለበትም።
ሕፃን የሚበላው አምላክ በሩ ላይ ያስጻፈው፣
ገበሬ ለጎረቤቱ በአጥር ላይ የሚጥለው።

እናቴ ሳህን እያጠበች፣ «የሃርቦትል ሥራ ነው» አለች፣
«ማዶ ያለችው ሴትዮ። ለመጻሕፍት ካርታ ትሥል ነበረች።»

ሄድኩ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጥፍሯ ሥር ቀለም ደርቋል፤
የጸሎት መዝሙር ያጀበችበት ሃርሞኒየም አቧራ ጠጥቷል።
«ደራሲው» አለች፣ «ክፉ ሰው አልነበረም።
ውሻው ሲሞት አልቅሷል፤ እሑድን ሳይንበረከክ አያልፍም።
በደብዳቤ አዘዘኝ፦ 'ጽሕፈት መሳይ፣ ትርጉም የሌለው፣
አረማዊ ነገር፤ ማንም አያነበው።'
ዝም ብዬ መሞነጫጨር እጄ እምቢ አለኝ፤
ተሻግሬ አያትሽን ለመንኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝ፣
እኔም አልነገርኩትም።
የመርከብ ከሰል ያጠቆረው እጁን በሱሪው ጠርጎ፣
ብዕሬን ተቀበለኝ፣ እንደ ጫጩት ጠንቀቅ አድርጎ፤
ተራራ ላይ ለተዋት ለመጀመሪያ ሚስቱ
ከጀመረው ደብዳቤ ቀዳልኝ። አንድ መስመር። ይኸው ጽሕፈቱ።»

ሻይዋ በረደ። ጥቂት ቆይታ፦
«አንዴ ጻፍኩለት፦ 'እነዚህ የደቡብ ሰዎች እናት የላቸውም?'
በፖስታ ካርድ መለሰ፣ ቀልዶ፦ 'በዚህ ቅጽ ውስጥ የላቸውም።'»

ጠልቶን ነው? ወይስ ከአባቱ የወረሰውን ካፖርት
ኪሱን ሳይፈትሽ ለብሶት?
ሁለት ጨረቃ የፈጠረ፣ ለጉንዳን ሰዋስው ያበጀ፣
ጠላት ሲያስፈልገው ግን ብዕሩ አረጀ፤
ሰባኪ ከአፉ የጣለውን የድሮ ፍርሃት አነሣ፣
አሸዋ ነፋበት፣ «ፈጠርኩ» አለ፣ እያነሣሣ።
የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤
የማያውቁት አገር ግን፣ ለካ፣ ይጠላል።

መልስ የለኝም። ጉንዳኑን ዛሬም እወደዋለሁ፤
ያ ነው የሚከነክነኝ።

መጽሐፉን ከመመለሴ በፊት፣
ከመቅደሱ በር ሥር፣ በእርሳስ፣ በአያቴ ፊደል ጻፍኩበት፦
«ጥሏል።»
ሚስ ዱጋን በላጲስ ፈተገችው። አልለቀቀም።
ሃምሳ ፔንስ ቅጣት ከፈልኩ።
ውጪ ዶፍ ነበር።